በዲሴምበር ብርድ ኮሎምበስ ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ አለ?

ጥያቄውን በአንድ የሐበሾች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈተው ናሽቪል የሚኖር አባት ነው። ትልቋ ልጁ ኖክስቪል፣ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እሑድ ዲሴምበር 8 ቀን 2024 የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የጥሎ ማለፍ ድልድል ሲወጣ ቴነሲ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን በባላጋራው ሜዳ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ እንዲገጥም ደረሰው። ቀኑ ቅዳሜ ዲሴምበር 21፣ ሰዓቱ ማታ። ልጅቱ እንሂድ ብላ ወጥራ ያዘችው። የአሥር ዓመቱ ታናሽ ወንድሟም ያለ እኔ አትሄዱም ብሎ አለቀሰ። አባት ተሸነፈና ትኬት ገዛ። የአየር ትንበያውን ያየው ከገዛ በኋላ ነው።

ሰውዬው ድሬዳዋ ነው ያደገው። የናሽቪልም ክረምት ለሱ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቀ። ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ለአራት ሰዓት ያህል ሜዳ ላይ እንዴት ይቆያል? መቶ ሺህ የባለሜዳ ደጋፊ በሞላበት ስታዲየም የቴነሲን ብርቱካናማ ለብሶ መቀመጥ ጠብ አያመጣም ወይ? ትንሹን ልጅስ መውሰድ ደግ ነው?

ስፖርቱን ለማይከታተል አንባቢ አንድ ነገር ላስገባ። ከ2024 በፊት የዓመቱ ማጠቃለያ ትልልቅ ጨዋታዎች በአብዛኛው ሙቀት ወዳለበት ይሄዱ ነበር፤ ፍሎሪዳ፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ሉዊዚያና። የሰሜኖቹ ደጋፊዎች ሁልጊዜ የምንጓዘው እኛ ብቻ ነን ብለው ሲያጉረመርሙ ኖረዋል። በ2024 ጥሎ ማለፉ ወደ 12 ቡድን ሲሰፋ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ደረጃ ያገኙት የመጀመሪያውን ዙር በገዛ ሜዳቸው እንዲያስተናግዱ ተፈቀደ። ኦሃዮ ስቴት 8ኛ ነበር፣ ቴነሲ 9ኛ። የደቡብ ሰው በዲሴምበር መጨረሻ ኦሃዮ ድረስ ብርድ ሊጠጣ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

መልሶቹን በተራቸው ልጥቀስ። ቁጥር 1 ከራሷ ከኮሎምበስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ ጀመረና ማደሪያ ካጣችሁ ቤቴ ክፍት ነው አለ። ስታዲየሙ ኦለንታንጂ ወንዝ አጠገብ እንደሆነ፣ ነፋሱ እንደሚብስ፣ መኪና ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግር መሄድ እንደሚሻል ነገረው። ከሄዱ አይቀር የከተማውን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሳይቀምሱ እንዳይመለሱም አደራ አለ።

ቁጥር 2 ዳላስ ያለ ወጣት ነው። የውድ ጃኬቶችን ስም ደረደረ። ያንን ሁሉ ለሦስት ሰው የገዛ ሰው ለትኬቱ ገንዘብ አይተርፈውም። ዳላስ ተቀምጦ ስለ ብርድ ማስተማሩ ብዙዎችን አስቋል።

ከክሩ ሁሉ ሥራ የሠራው ቁጥር 3 ነው። ጸሐፊዋ ሚኒያፖሊስ የምትኖር ነርስ ናት። ቁጥር 2 ያለውን በትሕትና ጠቅሳ፣ ስታዲየም ውስጥ ሰው የሚሸነፈው በደረቱ ሳይሆን በእግሩ ነው አለች። ብርድ ላይ የሚሠራ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ደሙም ይዘዋወራል። ተመልካች ግን ቀዝቃዛ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እግሩን ኮንክሪት ላይ አሳርፎ ይውላል። ኮንክሪቱ የእግርን ሙቀት መጥጦ ይወስዳል። መድኃኒቱ ካርቶን ነው። አንድ የውሃ ካርቶን ጠፍጥፎ ከጫማ ሥር ማንጠፍ። ከመቀመጫ ሥርም እንደዚያው፣ ካልሆነ የታጠፈ ብርድ ልብስ።

ስለ ካልሲ የጻፈችውን ደግሞ አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጠባብ ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ ከአንድ ካልሲ ይብሳል። እግር ሲጨናነቅ ደም አይደርሰውም፣ ደም ያልደረሰው ጣት ደግሞ አይሞቅም። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ጣት የሚያላውስ ሰፊ ጫማ ይበቃል። ጣት ነጥቶ ከደነዘዘ ወዲያው ገብቶ ቀስ ብሎ ማሞቅ እንጂ ማሸት ክልክል ነው። መጠጥን በተመለከተ አጭር ነበረች። አልኮል የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት የሞቀ ያስመስላል፣ እውነቱ ግን ሙቀቱ እየወጣ ነው። ጠያቂው እህቴ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ መለሰላት።

ቁጥር 4 ሶፋ ላይ ሆኖ በቴሌቪዥን ማየት ነጻ ነው አለ። ብዙውን ላይክ የወሰደው እሱ ነው።

ቁጥር 5 ሰዓቱ ግራ ገባው። ጠያቂው ማታ 2 ሰዓት ብሎ ነበር የጻፈው። በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ቁጥር 6 አስተካከለ። በኮሎምበስ ሰዓት በፈረንጅ 8፣ በኛ ከምሽቱ 2 ነው። ናሽቪል ግን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች እዚያ ገና 1 ሰዓት ነው። ሲመለሱ ያተርፋሉ፣ ሲሄዱ ይከስራሉ። ይህን ሳያሰላ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያውን ሩብ መኪና ውስጥ ያሳልፈዋል።

ከዚህ በኋላ የጋቢ ነገር መጣ። ቁጥር 7 ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እናት ናት። ምን ጃኬት ያስፈልጋል፣ ጋቢ ጠቅልሎ መግባት ነው፤ ለልጁም አንድ ይያዝለት አለች። ቁጥር 8 ከዴንቨር፣ ተራራ የሚወጣ ሰው፣ ዘሎ ገባባት። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ጥጥ እርጥበት ከያዘ ሙቀት አይዝም፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ያስገድላል አለ። የጻፈበት ቃና አልጣመኝም። ቁጥር 9 የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ የአባቶቻችንን ውርጭ ማን አሻገራቸው ብሎ በቁጣ መለሰ። ዴንቨር የመጣኸው ትናንት ነው የሚልም ጨመረበት። ይኼ አላስፈላጊ ነበር።

ነርሷ በቁጥር 10 ተመልሳ አስታረቀቻቸው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለች። ጥጥ ከቆዳ ጋር ከተገናኘና ላብ ከጠጣ አደጋ ነው። ስለዚህ ከሥር ቲሸርት ሳይሆን ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ጨርቅ። ዝናብና በረዶ ከሌለ ግን ጋቢ ከላይ ወይም ጭን ላይ ቢጣል ደህና አድርጎ ይሞቃል። ቁጥር 8 ሳይመልስ ቀረ።

ሁለተኛውን ጥያቄ የመለሰው ቁጥር 11 ነው፤ ኦሃዮ ስቴት የተማረ። ብርቱካናማ ልበሱ፣ ማንም አይነካችሁም አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ጥሩ ነገር ገለጠ። ኖቬምበር 30 ቀን ኦሃዮ ስቴት በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸንፏል፤ ከጨዋታው በኋላም ባንዲራ መሬት ላይ ለመትከል በተደረገ ሙከራ ተጫዋቾች ተደባድበዋል። የከተማው ንዴት ያረፈው እንግዳው ላይ ሳይሆን በራሱ አሠልጣኝ በራያን ዴይ ላይ ነው። ብዙ ሰው ተናዶ ትኬቱን እየሸጠ ነው፤ የሚገዛው ደግሞ የቴነሲ ሰው ነው። ብቻችሁን አትሆኑም። ሁለት ነገር ብቻ መከረ። ከተማሪዎቹ መቀመጫ ራቁ። መንገድ ላይ አንዱ ኦ-ኤች ብሎ ቢጮህባችሁ ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ የኦሃዮን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጀምሮ አይ-ኦ ብላችሁ እንድትጨርሱለት እየጠበቀ ነው።

ቁጥር 12 አልተዋጠለትም። በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዓመት፣ የእንግዳ ማሊያ ለብሶ ሲገባ ከኋላው ቢራ እንደተደፋበት ተረከ። ብርድ ላይ መርጠብ ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያኔ ነው። ምክሩ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት መደረብ ነው። ከክፉ ታሪክ ጥሩ ምክር ይወጣል።

ቁጥር 13 ላይ አንድ አዛውንት ገቡ፤ ሁሉም ጋሼ እያለ አንቱ ሲላቸው ነበር። አሜሪካ የገቡት ገና ወጣት ሳሉ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ከዚህ በፊት የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ አስታወሱ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1996፣ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ። ቴነሲ 20 ለ 14 አሸንፏል፤ ኳርተርባኩ፣ ማለት ኳሱን የሚያቀብለው መሪ ተጫዋች፣ ፔይተን ማኒንግ ነበር። እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ያንን ይደግማሉ ብለው ተስፋቸውን አስቀመጡ።

እዚህ ድረስ ክሩ ሰላም ነበር። ቁጥር 14 አበላሸው። ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ነገር እግር ኳስ ማለት ያሳፍራል፣ ለዚህ ብሎ በረዶ ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢታመም አይታዘንለትም አለ። ቁጥር 15 የአርሴናል ደጋፊ ስለ ብርድና ስለ መከራ ሊያወራ አይገባውም ብሎ መለሰ። ቁጥር 16 የአርሴናል ደጋፊ ኖሮ ተቆጣ። ቀጥሎ የተጻፈውን መተረክ አያስፈልግም፤ ስለ ኮሎምበስ አንድ ቃል የለበትም።

ቁጥር 17 በትዕግሥት ጨዋታውን አስረዳ። አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ጨዋታው አራት ሩብ ነው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት፤ በተግባር ግን ሰዓቱ እየቆመ፣ ማስታወቂያው እየገባ፣ የ20 ደቂቃው እረፍት ተጨምሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ይዘልቃል። ይህ ለብርድ ጉዳይ ወሳኝ ነው። ቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲያሳይ ስታዲየም ያለው ሰው ባዶ ሜዳ እያየ ይንቀጠቀጣል። በነዚያ ደቂቃዎች ተነስታችሁ እርገጡ፣ ከቻላችሁ ወደ መተላለፊያው ወርዳችሁ ተመለሱ አለ። ከቁጥር 3 ቀጥሎ የወደድኩት መልስ ይኼ ነው።

ቁጥር 18 የሁሉንም ልብ ነካ። ዲሴምበር 21 ታኅሣሥ 12 ነው፤ ነቢያት ጾም ላይ ነን። ጠያቂው ይጾም እንደሆነ ጠየቀች። ስታዲየም ውስጥ የሚሸጠው ከፕሬዝል በቀር አብዛኛው ሥጋና አይብ ነው፤ በባዶ ሆድ ደግሞ ብርዱ ይበረታል። ጠያቂው እሱ እንደሚጾም፣ ልጆቹ እንደማይጾሙ መለሰ። ከዚያ በኋላ ብርድ ተረሳ፣ ምግብ ብቻ ሆነ። ቁጥር 19 ሽሮ በቴርሞስ አለ፤ ጠዋት ቀጠን ተደርጎ ከተሠራ እስከ ማታ ይሞቃል። ቁጥር 20 ተቃወመ። ሽሮ በቴርሞስ ውስጥ ይጠነክራል፣ በማንኪያ ተቆፍሮ ነው የሚወጣው፤ የምስር ሾርባ ይሻላል። እንጀራውስ? ብርድ የመታው እንጀራ ይሰነጣጠቃል፣ ከጃኬት ሥር ተይዞ ይሂድ። ፈረንጆቹ ከጨዋታ በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ጥብስ የሚያጨሱበት ቴልጌት የሚሉት ነገር አለ። ቁጥር 19 እዚያ መሀል ሽሮ መገልበጥን የመሰለ ደስታ የለም ብሎ ዘጋው። ምግብ ይዞ በር ማለፍ ስለማይቻል መብላት ያለበት መኪናው ዘንድ እንደሆነ ያስታወሰ ግን አልነበረም። ይህን እኔ ነኝ የምጨምረው።

ቁጥር 21 ምግቡን ትቶ ሰውዬውን ገሠጸ። በጾም፣ ያውም በሚካኤል ቀን፣ ጨዋታ ለማየት ስድስት ሰዓት መንዳት የጨዋ ክርስቲያን ሥራ ነው ወይ? ቁጥር 22 አንተስ በሚካኤል ቀን ስልክ ይዘህ ሰው ስትዘልፍ ቅዳሴው አላመለጠህም ወይ አለው። ቁጥር 23 የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ ብሎ አለፈ። ሁለቱ ተነካክሰው ቀሩ።

ቁጥር 24 የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከቺካጎ። ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ትንሹን ልጅ ስለ መውሰድ፣ የመለሰችው እሷ ብቻ ናት፤ ጠንከር ያለችም ናት። ሕፃን ስለ ብርዱ እውነቱን አይናገርም፣ ከጨዋታው እንዳይወጣ ሲል ደህና ነኝ ይላል አለች። ስለዚህ በየሩቡ ጓንቱን አውልቆ ጣቱን መንካት የአባት ሥራ ነው። ከቀዘቀዘ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መነሳት ነው፤ ይህን ቃል ከመሄድህ በፊት ለራስህ ግባ አለችው። ጠያቂው በቁጥር 25 ቃል ገባ።

ቁጥር 26 የስልክ ነገር አነሳ። ትኬቱ ስልክ ውስጥ ነው፤ ብርድ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። በር ላይ ስልኩ ከሞተ ትኬቱም አብሮ ሞተ። ትኬቱን አስቀድሞ ስልኩ ላይ ማውረድና ስልኩን የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ከሰውነት ጋር አጣብቆ መያዝ። ስለ እጅ ማሞቂያዎቹ ትንንሽ ከረጢቶችም ጻፈ። ውስጣቸው የብረት ዱቄት አለ፣ አየር ሲያገኘው ነው የሚሞቀው። ስለዚህ እጅ ከደነዘዘ በኋላ ሳይሆን ከመግባት ሩብ ሰዓት በፊት መክፈት ነው። ቆዳ ላይ በቀጥታ አይደረግም።

ጋሼ በቁጥር 27 ተመልሰው መጡ። እዚያው ኮሎምበስ በኖቬምበር 1950 ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን በበረዶ ወጀብ ውስጥ እንደተጫወቱ ተረኩ። የሜዳው መስመር አይታይም ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 45 ጊዜ ኳሱን በእግር መትተው ለባላጋራ ሰጡ። ሚሺጋን አንድም ጊዜ አሥር ያርድ ሳይሞላ፣ አንድም ቅብብል ሳይሳካለት 9 ለ 3 አሸነፈ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቁጭ ብሎ አየው። እናንተ ስለ ካርቶን ትከራከራላችሁ ብለው ጨረሱ።

ቁጥር 28 ጠያቂው ከመነሳቱ በፊት የጻፈው አጭር መልእክት ነው። በአውራ ጎዳና 65 ወደ ሉዊቪል፣ ከዚያ በ71 በሲንሲናቲ አድርጎ ኮሎምበስ፤ 380 ማይል ገደማ። ጸልዩልን አለ።

ቁጥር 29 እሑድ ማታ መጣ፤ ረጅም ነው። ካርቶኑን ጠፍጥፎ ከጃኬቱ ሥር ጀርባው ላይ አድርጎት ነበር። በር ላይ ፈታሹ ጀርባውን ሲዳብሰው ቆመና ምን እንደሆነ ጠየቀው። አውጥቶ አሳየው። ፈታሹ ሳቀ፤ እሱም ከጫማው ሥር አንድ ነበረው። ብርቱካናማው ሕዝብ እንደተባለው ብዙ ነበር፤ ከመጀመሪያው ኳስ በፊት ጩኸቱ የማን ሜዳ እንደሆነ ያጠያይቅ ነበር። ያ ደስታ አልቆየም። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 0 ይመራ ነበር። እጅ ማሞቂያዎቹ በደንብ ሳይግሉ ጨዋታው ሄደ ይላል። እስከ እረፍት 21 ለ 10 ሲሆን ትንሽ ተስፋ መጣ። መጨረሻው 42 ለ 17።

ለቁጥር 24 የገባውን ቃል ጠብቋል። በሦስተኛው ሩብ የልጁን ጓንት ሲያወልቅ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። ልጁ ደህና ነኝ አለ። አባት ይዞት ወደ መተላለፊያው ወረደ። እዚያ አንድ ቀይ ማሊያ የለበሰ የኦሃዮ ሽማግሌ ለልጁ ትኩስ ቸኮሌት ገዛለት፣ ለአባትየውም ወንበሩን ለቀቀለት፤ ቀጥሎም የቴነሲ ቡድን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ እስኪበቃው አስረዳው። ልጅቱ ግን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ከወንበሯ አልተነሳችም። ጋቢው ጭኗ ላይ ነበር። ሾርባው መኪና ውስጥ ሞቅ እንዳለ ቆይቷል።

ቁጥር 1 በቁጥር 30 ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ደጋግሞ 42 ቁጥርን ጻፈ። ለእንግዳ እንዲህ አይደረግም ያለው ቁጥር 31 ነው፤ ያንን ያህል ተቀባይ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ተለወጠ ብሎ ታዘበ። ጠያቂው ራሱ ይበለኝ ብሎ ተቀበለ። ቁጥር 32 ቀድሜ ነግሬህ ነበር የሚለው የሶፋው ሰው ነው። ቁጥር 33 በጃንዋሪ 20 ምሽት የተለጠፈ ነው፤ ኦሃዮ ስቴት አትላንታ ላይ ኖትር ዴምን 34 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አሠልጣኙን ለማባረር ፊርማ ሊያሰባስቡ የነበሩት አሁን የት ናቸው ብሎ ቁጥር 11 ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

ቁጥር 34 ከሲያትል ነው። የሱ ልጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ቡድኑ በኖቬምበር 2025 ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ሄዶ ሊጫወት ነበር። እዚያስ ብርዱ እንዴት ነው? ነርሷ ማዲሰንን ታውቀዋለች። በሦስተኛውና በአራተኛው ሩብ መካከል ስታዲየሙ በሙሉ በሙዚቃ ይዘላል፤ ከ1998 ጀምሮ እንዲሁ ነው። እንግዳ ነኝ ብላችሁ ቁጭ አትበሉ፣ ለእግራችሁ ስትሉ አብራችሁ ዝለሉ አለች። ቁጥር 36 ለባለሜዳው ዘፈን መዝለል ክህደት ነው ሲል ተቃወማት። አስተባባሪው ለማዲሰን የራሳችሁን ክር ክፈቱ አለ። ከፈቱ፤ እዚያ ደግሞ የተከራከሩት መኪና የት እንደሚቆም ነው።